የሀውስ ሙዚቃ ፒያኖ ከየት መጣ?

በማኅበራችን አዳራሽ ሠርግ ወይም ሌላ ድግስ ሲኖር፣ ምሽቱ ገፍቶ እስክስታው ጋብ ሲል፣ ወጣቶቹ የራሳቸውን ሙዚቃ ያስከፍታሉ። ከበሮው እኩል እኩል ይመታል፤ ጥቂት ቆይቶ ፒያኖ ሲገባ ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ። እኛ ትልልቆቹ ደግሞ «ይህን የሚጫወተው ሰው ሳይሆን መኪና ነው» ብለን ወደ ጨዋታችን እንመለሳለን። በቅርቡ ግን ከእነዚሁ ወጣቶች አንዱ ቀርቦ «አባቶቻችን፣ እናንተ የነገሩን ሁሉ ሥር ትቆፍራላችሁ፤ እስቲ ይህ ፒያኖ ከየት እንደመጣ ንገሩን» አለን። መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ሸክላዎቹን አሰባስበን፣ ስለ እነርሱ የተጻፈውንም አንብበን ደጋግመን አዳመጥን። ከዚህ የሚከተለው ለዚያ ወጣት የዘገየ መልሳችን ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ጉዳዩ ሦስት ዓይነት መልስ ሲሰጥ ሰምተናል። አንዱ «ጣልያኖች በ1989 ጀመሩት» ይላል። ሁለተኛው «ማርሻል ጄፈርሰን የተባለ የቺካጎ ሰው በ1986 ፈጠረው» ይላል። ሦስተኛው «ከጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እንደ እኛ አስተያየት የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ እውነት ነው፤ ሦስተኛው እውነት ቢሆንም ብቻውን ሲቆም ያሳስታል። ፒያኖው የመጣው ከአንድ ሰው እጅ ሳይሆን ከአንድ ከተማ ጆሮ ነው። በቺካጎ ለሰባ ዓመት ያህል በጸሎት ቤትም በመሸታ ቤትም የተከማቸውን ድምፅ፣ ፒያኖ በወጉ መጫወት የማይችሉ ልጆች በመኪና ረዳትነት መልሰው አወጡት። ይህን ለማስረዳት ክሮቹን አንድ በአንድ እንፈታለን።

ነገሩ ምንድን ነው?

የሀውስ ከበሮ በደቂቃ 120 ጊዜ ያህል ሳያዳላ ይመታል፤ በየሁለተኛውና በየአራተኛው ምት ላይ ጭብጨባ ይጨመርበታል። ፒያኖው በዚህ ላይ ረጅም ዜማ አይዘረጋም። ሦስት አራት ድምፆችን በአንድ ጊዜ የሚያሰማውን ኮርድ ይዞ በምቶቹ መካከል እየገባ ይመታል፤ ያንኑ ሐረግም ይመላልሰዋል። ፈረንጆቹ «ሪፍ» የሚሉትን እኛ እዚህ ተመላላሽ ሐረግ እንበለው።

አራቱን ምት እያንዳንዱን በአራት ብንከፍለው ዐሥራ ስድስት እርምጃ ይሆናል። ከበሮው በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው እርምጃ ላይ ይወድቃል። ፒያኖው ደግሞ ለምሳሌ ያህል በ1ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛው፣ በ10ኛው፣ በ13ኛውና በ15ኛው ላይ ይወድቃል። ሁሉም ሸክላ ልክ እንዲህ ነው ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ብዙዎቹ በዚህ ዙሪያ ናቸው። አንባቢ በእግሩ አራቱን፣ በእጁ ስድስቱን ጠረጴዛ ላይ ቢሞክረው ወዲያው ይገባዋል። እጅና እግር አብረው ይነሣሉ፣ ይለያያሉ፣ በ13ኛው ላይ እንደገና ይገናኛሉ። ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሣው ይህ መለያየትና መገናኘት ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ፒያኖን እንደ ከበሮ መምታት ከየት መጣ? አንዱን ሐረግ ሳይሰለቹ መመላለስስ? ከምቱ ውጭ መውደቅስ?

አንድ ሕንፃ፣ ሁለት ጉባኤ

ከ1910ዎቹ ጀምሮ እስከ 1970 ድረስ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ፈለሱ። በቺካጎ በ1910 ዓ.ም. 44 ሺህ ያህል የነበረው ቁጥራቸው በ1930 ዓ.ም. 234 ሺህ ገደማ ደረሰ። ስደተኛ ምን ይዞ እንደሚሄድ እኛ እናውቃለን። ዕቃው በመንገድ ይቀራል፤ ዜማው ግን ከባለቤቱ ጋር ይገባል።

እዚህ ላይ ለአንባቢዎቻችን የሚገርም ነገር አለ። በ1847 የተመሠረተው የቺካጎ ጥንታዊ የአይሁድ ጉባኤ ስሙ «ቀሂላት አንሼ ማዓሪቭ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «የምዕራብ ሰዎች ማኅበር» ማለት ነው። ይህ ጉባኤ በ1890 እና በ1891 በከተማው ደቡብ ክፍል ትልቅ ምኩራብ አሠራ። ንድፉን ያወጡት ዳንክማር አድለርና ሉዊስ ሱሊቫን ሲሆኑ፣ የአድለር አባት የጉባኤው ረቢ ነበሩ። ኋላ ሰፈሩ ተለውጦ አይሁዶቹ ሲለቁ፣ ሕንፃው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ፒልግሪም ባፕቲስት ለተባለ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ተላለፈ። ከ1932 ጀምሮ በዚያ ቤት መዘምራኑን የመራው ቶማስ ዶርሲ ዛሬ የጎስፔል መዝሙር አባት እየተባለ ይጠራል።

ዶርሲ ቀድሞ «ጆርጂያ ቶም» በሚል ስም ማ ሬይኒ የተባለችውን ዝነኛ የብሉዝ ዘፋኝ በፒያኖ ያጅብ ነበር። ወደ መዝሙር ሲመለስ ቃሉን እንጂ እጁን አልለወጠም። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰባኪዎች «የመሸታ ቤት ነገር አመጣብን» ብለው በመጀመሪያ አልተቀበሉትም። የቀድሞው ምኩራብ ጣሪያ ግን ይህን ምት ተሸክሞ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ቆየ፤ በጥር 2006 ሕንፃው ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ እስኪቀር ድረስ።

ከዶርሲም በፊት በ1926 አሪዞና ድሬንስ የተባለች የቴክሳስ ዓይነ ስውር ሴት ቺካጎ መጥታ መዝሙር በሸክላ አስቀርጻለች። የእርስዋ ፒያኖ ማጀቢያ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ከበሮ ነው። በእነዚህ ጸሎት ቤቶች ምእመናኑ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ያጨበጭባሉ፤ ፒያኖው ክፍተቱን ይሞላል፤ ዘማሪው ሲተነፍስም ይመልስለታል። የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ በአብዛኛው እዚህ ይገኛል።

አንዱ ሲመራ ሌላው ሲቀበል መስማት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የቄሶቻችንም ጸሎት በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ነገር ግን መመሳሰል ዝምድና አይደለም። ሁለት ሰዎች ከሩቅ አገር መጥተው መልካቸው ቢመሳሰል ወንድማማች አያሰኛቸውም። «ይህም ከእኛ ወጣ» ማለት ለጆሮ ይጣፍጣል፤ ለታሪክ ግን አይጠቅምም።

የሣር ጠባቂው ፒያኖ

ጸሎት ቤቱ ብቻውን አይበቃም። በእነዚያው ሰፈሮች ሰው የቤት ኪራይ ሲያጥረው ጎረቤት ጠርቶ፣ መግቢያ አስከፍሎ፣ ፒያኖ ተጫዋች አስቀምጦ ሌሊቱን ያስጨፍር ነበር። በዚህ ዓይነት ቤት የዳበረው አጨዋወት ቡጊ ዉጊ ይባላል። ፓይንቶፕ ስሚዝ በ1928 መጨረሻ ቺካጎ ውስጥ ያስቀረጸው ሸክላ ስሙን አስፋፋው። በቡጊ ዉጊ ግራ እጅ አንዱን ሐረግ እንደ ባቡር ጎማ ሳያቋርጥ ያዞራል፤ ቀኝ እጅ በላዩ ይጫወታል። የሁለተኛው ጥያቄያችን መልስ እዚህ ነው።

እነዚህ ሰዎች በፒያኖ ብቻ የሚተዳደሩ አልነበሩም። ሚድ ላክስ ሉዊስና አልበርት አሞንስ ታክሲ ነድተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ጂሚ ያንሲ ደግሞ ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ኮሚስኪ ፓርክ በተባለው የቤዝቦል ሜዳ ሣር ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል።

ያንሲ በ1951 ሞተ። ሐምሌ 12 ቀን 1979 በዚያው ሜዳ ላይ አንድ የራዲዮ አስተዋዋቂ ሕዝብ ጠርቶ በሣጥን የተከመሩ የዲስኮ ሸክላዎችን በፈንጂ አጋየ። ሕዝቡ ወደ ሜዳው ጎረፈ፤ የዕለቱ ሁለተኛ ጨዋታም ሳይደረግ ቀረ። በዕለቱ በሜዳው አስተናጋጅ ሆኖ ይሠራ የነበረው ቪንስ ላውረንስ የተባለ ጥቁር ወጣት፣ ሰዎቹ ያመጡት ዲስኮ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው የጥቁሮች ሸክላ እንደነበረ በኋላ መስክሯል። ያ ወጣት በ1984 ከጄሲ ሳንደርስ ጋር «ኦን ኤንድ ኦን» የተባለውን፣ ብዙዎች የመጀመሪያው የሀውስ ሸክላ የሚሉትን ሠራ። ያንሲ ያጠጣው ሣር ላይ የተቃጠለው ሙዚቃ በአምስት ዓመት ውስጥ በሌላ ስም ተነሣ።

ከኩባ በኒው ዮርክ በኩል

ሦስተኛውን ክር ብዙ ጸሐፊዎች ይዘልሉታል። በኩባ ሙዚቃ ፒያኖ «ሞንቱኖ» በሚባለው ክፍል አንድ ሐረግ ይይዝና ከምቱ እየወጣ ያዞረዋል፤ ይህም ትሬስ ከሚባለው የኩባ ክራር መሰል ጊታር የተወሰደ አጨዋወት ነው። በ1940ዎቹ በአርሴኒዮ ሮድሪጌዝ ጓድ ውስጥ የነበረው ፒያኖ ተጫዋች ሊሊ ማርቲኔዝ በዚህ ይታወቃል። የኩባና የፖርቶ ሪኮ ስደተኞች ወደ ኒው ዮርክ ሲገቡ ይህ ፒያኖ አብሯቸው ገባ፤ በ2025 ያረፈው ኤዲ ፓልሚየሪም እዚያው ተወልዶ ከፍ ከፍ አደረገው። በላይ የቆጠርነውን የሚመስለው፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ የሚሄደው አወዳደቅ የዚህ ቤት መታወቂያ ነው።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ኒው ዮርክ ውስጥ ሳልሶል የተባለ የሸክላ ድርጅት ተቋቋመ፤ ስሙ ራሱ ከሳልሳና ከሶል የተገጠመ ነው። መሥራቾቹ ኬይር የተባሉ ወንድማማቾች ከሶርያ የመጡ አይሁድ ልጆች ነበሩ። የላቲን ምት፣ የጥቁሮች ድምፅና የዲስኮ ከበሮ በአንድ ገበታ የቀረቡት እንዲህ ባሉ ሸክላዎች ነው። ሸክላ ደግሞ ድንበር አያውቅም፤ ቺካጎ ደረሰ።

መጋዘኑ

በ1977 በቺካጎ ዌርሃውስ የተባለ የጭፈራ ቤት ተከፈተ። ትርጓሜው መጋዘን ማለት ሲሆን «ሀውስ» የሚለው ስም የወጣው ከዚህ እንደሆነ ይነገራል። ሸክላ አጫዋቹ ከኒው ዮርክ የመጣው ፍራንኪ ናክልስ ነበር፤ እስከ 1982 ድረስም እዚያ ቆየ። የሚመጡት በአብዛኛው ጥቁርና ላቲን ወጣቶች፣ ብዙዎቹም ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩና በገዛ ማኅበረሰባቸው የተገፉ ነበሩ። እኛ በሃይማኖት ትምህርት ያደግን ሰዎች ብንሆንም ይህን ሸፍነን አናልፍም። ታሪክ የሚጽፍ ሰው እንግዳውን ከደጅ እየመረጠ አያስገባም፤ እነዚህ ወጣቶች ባይጨፍሩ ኖሮ ይህ ሙዚቃ አይኖርም ነበር። ብዙዎቹም ያደጉት በመዝሙር ቤት ነው። ቅዳሜ ሌሊት የሰሙትን ፒያኖ እሑድ ጠዋት ያውቁት ነበር።

መጫወት የማይችለው ሰው

በ1983 ሚዲ የተባለው ስምምነት ወጣ። በእርሱም የተለያየ ፋብሪካ የሠራቸው የኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያዎች በአንድ ገመድ ተገናኝተው መነጋገር ቻሉ። ሲኩዌንሰር የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ተጫዋቹ የነካቸውን ቁልፎች ይመዘግብና በተፈለገው ፍጥነት መልሶ ያስጫውታል። ማርሻል ጄፈርሰን ያኔ በፖስታ ቤት የሌሊት ሠራተኛ ነበር። ኪቦርድ ቢገዛም ፈጥኖ መጫወት አይችልም። ራሱ ደጋግሞ እንዳስረዳው፣ ኮርዶቹን በጣም ቀስ ብሎ ተጫውቶ ቀረጻቸው፤ ከዚያም መሣሪያው በዳንስ ፍጥነት እንዲያስኬዳቸው አደረገ። በዚህ መንገድ የተሠራው «ሙቭ ዩር ቦዲ» በ1986 ትራክስ በተባለው የቺካጎ ድርጅት ወጣ፤ ዘፋኙ ከርቲስ ማክሌን ነበር። በጊዜው «ፒያኖ ያለበት ሙዚቃ ሀውስ አይደለም» ያሉ ነበሩ። ጄፈርሰን ግን «የሀውስ ሙዚቃ መዝሙር» የሚል ተቀጽላ በርእሱ ላይ ጨመረበት።

ይህን ሸክላ ደጋግመን ሰምተነዋል። ከበሮው ሳይገባ በፊት ፒያኖው ይከፍተዋል፤ ልክ ጸሎት ቤት ውስጥ መዝሙሩ ሳይጀመር ፒያኖው ጉባኤውን እንደሚቀሰቅሰው ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሚመጣው ነገር ከቤተ ክርስቲያኑም ከመሸታ ቤቱም ይለያል። ፈጣን እጅ ሲጫወት ይንሸራተታል፣ ያሳጥራል፣ ያጌጣል። ይህ ፒያኖ ግን በቀስታ ስለተመታ እያንዳንዱ ኮርድ ሙሉ ክብደቱን ይዟል፤ በመሣሪያው ስለፈጠነ ደግሞ ያ ክብደት ይሮጣል። ሸክም ይዞ የሚሮጥ ሰው ይመስላል። «መኪና ነው የሚጫወተው» ያልነው እኛ ግማሹን ብቻ ሰምተን ኖሯል፤ መኪናው ፍጥነቱን ሰጠ፣ ኮርዱን የመረጠው ግን የቺካጎ ጆሮ ነው። ስለዚህ ጄፈርሰን ፒያኖውን ፈጠረ አንልም፤ ፒያኖውን ፊት አስቀመጠ፣ መጫወት የማይችለውም ሰው እንዲጫወተው በር ከፈተ እንላለን። ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም።

በዚያው ዓመት ፋርሊ የተባለው ሸክላ አጫዋች ያወጣው «ላቭ ካንት ተርን አራውንድ» በእንግሊዝ አገር ከመጀመሪያዎቹ ዐሥር ገባ። ዘፋኙ ዳሪል ፓንዲ ከጎስፔል የመጣ ድምፅ ነበረው። በ1987 ደግሞ ጆ ስሙዝ «ፕሮሚስድ ላንድ» አለ፤ የተስፋዪቱ ምድር ማለት ነው። ርእሱ ከኦሪት የወጣ ነው፤ ጥቁር አሜሪካውያን ከባርነት ዘመን ጀምሮ የግብፅን መውጣት የራሳቸው ታሪክ አድርገው ሲያነቡ ኖረዋል። ያ ሸክላ በወጣበት ዓመት ከወገኖቻችን ገሚሱ በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ እዚህ ደርሰው፣ ሌሎቹ ደግሞ እስከ 1991ዱ የሰሎሞን ዘመቻ ድረስ በናፍቆት ይጠብቁ ነበር። ጆ ስሙዝ እኛን አላሰበም፤ እኛም አልሰማነውም። ቢሆንም በጭፈራ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ርእስ ማስቀመጥ ለሚያውቀው ሰው ቀልድ አይደለም። በዚህ ሸክላ የኮርዶቹ አካሄድ የመዝሙር ነው፤ ከ«ሙቭ ዩር ቦዲ» ይልቅ ዝግ ያለና የሚያጽናና ሆኖ እናገኘዋለን።

ስማቸው ወደ ኋላ የቀረ

አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ። በ1987 ከዲትሮይት የወጣው «ስትሪንግስ ኦፍ ላይፍ» በፒያኖው የታወቀ ነው፤ የባስ ድምፅም የለውም። ስሙ የሚጠራው ዴሪክ ሜይ ነው። ፒያኖው ግን በመጀመሪያ ማይክል ጄምስ የተባለ ወዳጁ የተጫወተው ዝግ ያለ ዜማ ነበር፤ ሜይ ቆራርጦ አፈጠነው። የሜይ ችሎታ አይካድም፤ ቆርጦ መግጠምም ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ፒያኖ ከሚጨፍሩት ብዙዎቹ የጄምስን ስም ሰምተው አያውቁም።

ከዚህ የባሰው የ1989ኙ ነው። ብላክ ቦክስ የተባለው የጣልያን ቡድን «ራይድ ኦን ታይም» የተባለውን አወጣ፤ በእንግሊዝ ለስድስት ሳምንት አንደኛ ሆነ፣ የዓመቱም ከፍተኛ ሽያጭ የእርሱ ነበር። «ጣልያኖች ጀመሩት» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው፤ የእነርሱ ፒያኖ ደማቅና ደስ የሚል ስለሆነ ብዙ አገር ፒያኖውን ያወቀው በእነርሱ በኩል ነው። በሸክላው ላይ የሚጮኸው ድምፅ ግን የሎሊያታ ሆሎዌይ ነው፤ በ1980 ለሳልሶል ከዘፈነችው «ላቭ ሴንሴሽን» ላይ የተቆረጠ ነው። ሆሎዌይ የቺካጎ ልጅ ናት፤ በእናቷ የመዘምራን ጓድ አድጋ ካራቫንስ ከተባሉት ዝነኛ የጎስፔል ዘማሪዎች ጋር ዘምራለች። በቴሌቪዥን ግን ሌላ ወጣት ሴት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታየች። ሆሎዌይ ተሟግታ ኋላ ክፍያ አገኘች፤ በ2011 አረፈች። ባለቤቱ እያለ ቤቱን በሌላ ስም ማስተዋወቅ ምን ስም እንደሚሰጠው አንባቢ ይፍረድ።

በ1988 ደግሞ ኮርግ ኤም ዋን የተባለ ኪቦርድ ለገበያ ቀረበ። በውስጡ የተዘጋጀው ብሩህ የፒያኖ ድምፅ በብዙ መቶ ሸክላዎች ላይ ገባ። ማንም ቁልፉን ተጭኖ «የሀውስ ፒያኖ» አገኘ። በሩ ሰፋ፤ ነገር ግን ያ የተሸከመው ክብደት ቀለለ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ሸክላዎች ብዙዎቹን ስንሰማ ኮርዱ አለ፣ ምቱም አለ፣ ትዝታው ግን የለም። ወጣቶቻችን ሁለቱን ለይተው እንዲሰሙ እንመክራለን።

ማጠቃለያ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ከመዝሙር ቤት ፒያኖን እንደ ከበሮ መምታት፣ ከመሸታ ቤት አንዱን ሐረግ ማዞር፣ ከኩባ ከምቱ ውጭ መውደቅ፣ ከፋብሪካ የማይደክም እጅ መጥቶ አንድ ላይ ተፈተለ። ከክሮቹ አንዱን ብቻ መዝዞ «ምንጩ ይህ ነው» የሚል ሰው ድሩን ይበጥሰዋል። ክሮቹን የፈተሉት ታክሲ ነጂው፣ ሣር ጠባቂው፣ ዓይነ ስውሯ ዘማሪ፣ የፖስታ ቤቱ የሌሊት ሠራተኛ ናቸው። ብዙዎቹ በዘመናቸው ታላቅ አልተባሉም፤ ዛሬ ስማቸውን የምናውቀው አንድ ሰው ስለጻፈው ብቻ ነው።

ለጠያቂያችን ወጣት የምንለው ይህ ነው። ፒያኖው ሲገባ እጅህን ስታነሣ የማን እጅ እንዳነሣህ እወቅ። ከዚያም ወደ ቤትህ ተመልሰህ በአያቶችህ ሠርግ ማሲንቆ የመታው፣ ክራር የደረደረው ማን እንደነበረ ጠይቅና ስሙን ጻፈው። እኛ ለሌላው ሕዝብ የጠፋ ስም ስንቆረቆር የራሳችን በዝምታ እንዳይቀር እንሰጋለን። የጻፍከውን ብታመጣልን በዚሁ መጽሔት በደስታ እናትመዋለን።